ቅዳሜ የማይመጡት አባሎቻችን

የማኅበራችንን የዘንድሮ ፕሮግራም ተመልከቱ። የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ቅዳሜ፣ የባህል ቀን ቅዳሜ፣ ኳስ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአመራር ምርጫም ቅዳሜ ከሰዓት። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አርብ ክፍል አለ፣ እሑድ ደግሞ ግማሾቻችን ቤተ ክርስቲያን ነን። ግን በዚህ የተነሳ ከተመዘገቡ ጀምሮ አንድም ጊዜ እጃቸውን አውጥተው ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ አባላት አሉን። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። ነገሩ ሲነሳ በአብዛኛው የምሰማው መልስ «ጴንጤ እሑድ አይደል እንዴ የሚያመልከው?» የሚል ነው።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይኸው መልስ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ያደግኩት እዚሁ አሜሪካ ሲሆን የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አድቬንቲስት ልሆን አላሰብኩም፣ ማንንም ላሳምንም አልተነሳሁም። የእኛ ሰው ግን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ካቶሊክ ያልሆነውን ሁሉ «ጴንጤ» ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ ይከተዋል። ሉተራኑም፣ ባፕቲስቱም፣ በልሳን የሚጸልየውም፣ በልሳን የማይጸልየውም እዚያው ነው። አድቬንቲስቶች ጴንጤቆስጤዎች አይደሉም። እንዲያውም ሌሎቹ ፕሮቴስታንቶች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን ሲያዩአቸው ኖረዋል። ታሪካቸውን ሳነብ ያልጠበቅኩትን ያህል ከእኛ ጋር የሚገናኝ ነገር አገኘሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ገበሬ ነው። ዊሊያም ሚለር ይባላል፤ በ1782 ተወልዶ በኒውዮርክ ግዛት ሎው ሃምፕተን በምትባል ቦታ ያርስ የነበረ ሰው ነው። ወጣት ሳለ እግዚአብሔር ዓለምን ፈጥሮ ትቷታል፣ በሰው ጉዳይ አይገባም የሚሉት ወገኖች ሐሳብ ይማርከው ነበር። በ1812 በተነሳው የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦርነት ዘምቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወደ ባፕቲስት እምነት ገባና መጽሐፍ ቅዱስን ቁጥር በቁጥር ማጥናት ያዘ። ዓይኑ ያረፈው ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ቁጥር 14 ላይ ነው፤ ስለ 2,300 ቀናትና ስለ መቅደሱ መንጻት የሚናገረው ላይ። አንዱን ቀን እንደ አንድ ዓመት ቆጠረው፤ መነሻውን 457 ዓመተ ዓለም አደረገ፤ የመቅደሱ መንጻት ማለት ደግሞ ክርስቶስ ተመልሶ ምድርን ማንጻቱ ነው አለ። ሒሳቡ 1843 ላይ አደረሰው። በኋላ በዓመተ ዓለምና በዓመተ ምሕረት መካከል ዜሮ ዓመት እንደሌለ ሲታሰብ ወደ 1844 ተሸጋገረ። (እንደ እኔ የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ላይ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ይህን ሲያነብ ያዝናል።)

ሚለር በ1831 ማስተማር ጀመረ። በ1844 ክረምት ሳሙኤል ስኖው የተባለ ሌላ ሰባኪ ቀኑን ራሱን ቆርጦ ተናገረ፦ ጥቅምት 22። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አመነ። ድንቹን ከማሳው ሳያወጣ የተወ ገበሬ ነበር፤ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ነበር፤ ዕዳውን ከፍሎ ይቅርታ ጠይቆ የጨረሰም ነበር። ጥቅምት 22 ማክሰኞ ነበር። መሸ፤ ሌሊቱም አለፈ፤ ረቡዕ ነጋ።

ይህን ቀን ታሪክ ጸሐፊዎች «ታላቁ ሐዘን» ሊባል በሚችል ስም ነው የሚጠሩት። ብዙዎች ወደ ድሮ ቤተ ክርስቲያናቸው ተመለሱ፤ አንዳንዶች ሃይማኖትን ጨርሰው ተዉ፤ አንዳንዶች ሌላ ቀን መቁጠር ጀመሩ። ጥቂቶች ግን ቀኑ ልክ ነው፣ የተሳሳትነው ምን እንደሚሆን በመገመቱ ነው አሉ። ሃይረም ኤድሰን የተባለ አማኝ በማግስቱ ጠዋት ማሳ አቋርጦ ሲሄድ መቅደሱ ምድር ሳይሆን በሰማይ ያለው መሆኑ እንደተገለጠለት ተናገረ። ከዚያ ሐሳብ ነው ዛሬም ድረስ የሚያስተምሩት ትምህርት የመጣው፦ ክርስቶስ በ1844 በሰማያዊው መቅደስ የመጨረሻውን የፍርድ ምርመራ ጀመረ፤ እርሱ ሲያበቃ ይመጣል። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ይህ ትምህርት አያሳምነኝም። ያልሆነ ነገርን በዓይን ወደማይታይ ቦታ ማዛወር ነው የሚመስለኝ። ከራሳቸው መካከልም የተጠራጠሩ አሉ፤ አውስትራሊያዊው የሥነ መለኮት ምሁር ዴዝመንድ ፎርድ ይህን ትምህርት በመቃወሙ በ1980 የአገልጋይነት ፈቃዱን ተነጥቋል። ግን አንድ ነገር አከብርላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀን አይቆርጡም። «አድቬንት» መምጣት ማለት ነው፤ ይመጣል ይላሉ፤ መቼ እንደሆነ አይናገሩም።

«ሰባተኛው ቀን» የሚለው ደግሞ ከሌላ በር ገባ። ሬቸል ኦክስ የምትባል ሴት ነበረች፤ የሰባተኛ ቀን ባፕቲስት ከሚባሉ ቅዳሜን ከሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ወገን። በ1844 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚለርን ትምህርት የሚከተሉ ሰዎችን አገኘችና አሥርቱ ትእዛዛትን እንጠብቃለን እያላችሁ አራተኛውን ለምን ትዘላላችሁ አለቻቸው። ነገሩ ጆሴፍ ቤትስ ለሚባል የቀድሞ የመርከብ ካፒቴን ደረሰ። ካፒቴኑ አልኮልንና ትምባሆን ትቶ፣ ቆይቶ ሥጋንም፣ ሻይንና ቡናንም የተወ ሰው ነው። በ1846 ስለ ሰንበት መጽሐፍ አሳተመ። ሚለር ራሱ ግን ቅዳሜን ሳይቀበል ነው በ1849 ያረፈው። መጀመሪያ ላይ ቤትስና ጓደኞቹ ሰንበትን ከአርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ቅዳሜ 12 ሰዓት ነበር የሚጠብቁት። በ1855 መጽሐፍ ቅዱሱን እንደገና መርምረው ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አደረጉት። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ፕሮግራማችን ስመለስ ያስፈልገኛል።

ሦስተኛዋ ሰው ከሁሉም በላይ ትታወቃለች። ኤለን ሃርመን በ1827 በሜይን ግዛት ተወለደች። በ9 ዓመቷ አንዲት ልጅ የወረወረችው ድንጋይ ፊቷን መትቷት ትምህርቷን ለመጨረስ አልቻለችም። ታላቁ ሐዘን ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ፣ በ17 ዓመቷ፣ የመጀመሪያውን ራእይ አየሁ አለች። ጄምስ ዋይት የተባለውን ሰባኪ አግብታ ኤለን ዋይት ሆነች፤ እስከ 1915 ድረስ ስትጽፍና ስታስተምር ኖረች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስሟን በ1860 መርጣ፣ በ1863 ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ ላይ 3,500 ያህል አባላት ይዛ ተደራጀች። ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም አሜሪካውያን አይደሉም። አድቬንቲስቶች መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የእምነታችን መሠረት ነው ይላሉ፤ ኤለን ዋይት ግን የነቢይነት ስጦታ ነበራት ብለው ያምናሉ። ከሌሎች ደራስያን ሳትጠቅስ ብዙ ወስዳለች የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንዲት ሴት ያሳደገችው ቤተ ክርስቲያን በ2015 ሳን አንቶኒዮ ላይ ተሰብስቦ፣ ክልሎች ሴቶችን ለካህንነት እንዲሾሙ ይፈቀድላቸው ወይ ሲባል 1,381 ለ977 «አይሆንም» ብሏል። ከቤቴ ድንጋይ እየወረወርኩ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛም ቤት በዚህ በኩል ገና ብዙ የሚያነጋግር ነገር አለው።

ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ «ጴንጤ» የሚለው ቃል ጉዳት የሚያስከትለው እዚያ ነው። የታካሚ ቅጽ ላይ «ሃይማኖት፦ ፕሮቴስታንት» ተብሎ ከተጻፈ ለነርሷ ምንም አልነገራትም። አድቬንቲስቶችን ከይሖዋ ምስክሮች ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የይሖዋ ምስክሮች ደም አይወስዱም፤ አድቬንቲስቶች ይወስዳሉ። ይህን ማምታታት አደገኛ ነው። አድቬንቲስቶች በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት የአሳማ ሥጋና ሌሎች ርኩስ የተባሉ እንስሳትን አይበሉም፤ ብዙዎቹ ሥጋ ጭራሽ አይበሉም። ስለዚህ ካፕሱሉ የተሠራበት ጄላቲን ከምን እንደመጣ ቢጠይቁ አትገረሙ። የእኛም እናቶች ይህን ይጠይቃሉ፤ የሚያስተረጉምላቸው ሲያጡ ደግሞ ዝም ብለው ትራሳቸው ሥር ይደብቁታል።

ከዚያ ሞት አለ። አድቬንቲስቶች የሞተ ሰው እስከ ትንሣኤ ድረስ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ምንም አያውቅም ብለው ያምናሉ። ነፍስ ወዲያው ወደ ሰማይ አትሄድም፤ ኃጥኣንም ለዘላለም አይቃጠሉም፣ ይጠፋሉ እንጂ። ስለዚህ ተዝካር የለም፣ የቅዱሳን ምልጃም የለም። እናቱን ያጣ አድቬንቲስትን «ከላይ ሆና ታይሃለች» ብላችሁ ብታጽናኑት እርሱ ያላመነበትን ነገር ነው የምትነግሩት። «በትንሣኤ ትገናኛላችሁ» ማለት ግን ለእርሱም ለእኛም እውነት ነው። ሰው ልቅሶ ቤት ሲሄድ ይህችን ያህል ማወቅ አይከብደውም።

ጤናን በተመለከተ ከማንም በፊት ነቅተዋል። ኤለን ዋይት በ1863 ስለ ጤና ራእይ አየሁ ካለች በኋላ፣ በ1866 ባትል ክሪክ ላይ የጤና ተቋም ከፈቱ። በኋላ የመራው ዶክተር ጆን ሃርቪ ኬሎግ ነው፤ አዎ፣ የቁርስ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም። እርሱና ወንድሙ ዊል ለታካሚዎቻቸው እህል ሲሞክሩ ነው ኮርን ፍሌክስ የተገኘው። ዶክተሩ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ተጣልቶ በ1907 ከአባልነት ተሰርዟል። በ1905 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎማ ሊንዳን መሠረቱ። ከዚያ የወጣው ጥናት ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሳል፤ በ2001 የታተመው ውጤት የካሊፎርኒያ አድቬንቲስት ወንዶች ከሌሎች የግዛቱ ነጭ ወንዶች በአማካይ 7.3 ዓመት፣ ሴቶቹ 4.4 ዓመት የበለጠ እንደሚኖሩ አሳይቷል። አለማጨስ፣ አትክልት፣ ለውዝ፣ እንቅስቃሴ፣ ክብደት። እኔ የምጨምርበት በሳምንት አንድ ቀን ስልክና ሥራ ዘግቶ ከሰው ጋር መቀመጥ ነው፤ ይህ የኔ ግምት ነው። ዓመቱን ግማሽ ያህል የምንጾም ሰዎች ይህን ጥናት በኩራት ልናነበው ይገባን ነበር፤ ዘይት ውስጥ የምትዋኘው የጾም ምግባችን ባታሳፍረን ኖሮ።

ከትምህርታቸው ሁሉ ለኢትዮጵያዊ የሚከብደው ግን 1844 አይመስለኝም። ቡና ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ አልኮልና ትምባሆን ትከለክላለች፤ ቡናና ሻይንም አታበረታታም። ሁሉም እኩል አይጠብቀውም። ሆኖም ጎረቤት ሁሉ ረከቦቱን ከቦ ተቀምጦ ሦስተኛውን ሲጠጣ፣ አንድ ሰው «እኔ ይቅርብኝ» ብሎ የሚቀመጠውን አስቡት።

አሁን ስለ ቅዳሜ። አድቬንቲስት ሚስዮናውያን በ1907 ኤርትራ ገቡ፤ ቆይተውም ወደ ኢትዮጵያ ዘለቁ። አዲስ አበባ ያለውን ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ያቋቋሙት እነርሱ ናቸው፤ በደርግ ዘመን መንግሥት ወረሰው። ወለጋ ጊምቢ ሆስፒታል፣ ሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ ላይ ኮሌጅ አላቸው። ሰንበትን ግን ይዘውልን አልመጡም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳሚት ሰንበትንም እሑድንም እንጠብቃለን ብለው ብዙ መከራ አይተዋል፤ አቡኑ አገር ጥሎ በኢየሩሳሌም አድርጎ አርመንያ ላይ ነው ያረፈው። በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ቀናት እንዲከበሩ ወሰነ። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ በካቶሊኮቹ ግፊት የቅዳሜ ሰንበት ተከልክሎ፣ ያን ተከትሎ የፈሰሰውን ደም ታውቃላችሁ። ዛሬም በትንሣኤ ዋዜማ ያለችውን ቅዳሜ «ቀዳም ስዑር»፣ የተሻረች ቅዳሜ የምንላት፣ በዓመት ውስጥ የምትጾም ቅዳሜ እርሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ሰንበት ነው ማለት አይደል?

ኤለን ዋይት ይህን ታውቅ ነበር። «ታላቁ ተጋድሎ» ተብሎ በሚታወቀው መጽሐፏ ውስጥ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ሰንበትን ከጠበቁት መካከል በአክብሮት ታነሳለች። አዎ፣ እነርሱ ቅዳሜን ብቻ፣ እኛ ሁለቱንም፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ግን ስለ ቅዳሜ አባቶቹ የተሰደዱለት ልጅ ዛሬ «ቅዳሜ ምን አላት?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት ይከብደኛል።

ሌላም ዕዳ አለብን። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ አዴል ሸርበርት የምትባል አድቬንቲስት ነበረች። ፋብሪካው ቅዳሜንም የሥራ ቀን ሲያደርግ አልሠራም ብላ ተባረረች፤ ግዛቱም የሥራ አጥ ክፍያ ከለከላት። ከሰሰች። በ1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእርሷ ፈረደ፤ አንድ ሰው ከእምነቱና ከእንጀራው አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ አይቻልም ተባለ። ፍርድ ቤቱ በኋላ መርሑን ቢያጠብበውም በር ተከፍቷል። በ1972 አሠሪዎች የሠራተኛን የእምነት ቀን በተቻለ መጠን እንዲያመቻቹ የሚያስገድደውን ሕግ ያስገባው ሴናተር ጄኒንግስ ራንዶልፍ ነው። እርሱም የሰባተኛ ቀን ባፕቲስት ነበር፤ የሬቸል ኦክስ ወገን። በ2023 ፍርድ ቤቱ ያንን ሕግ ለሠራተኛው አጠንክሮታል። ታክሲ ነጂው አባታችሁ፣ መጋዘን የምትሠራዋ እኅታችሁ ለስቅለት ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ሙስሊም ጓደኛችሁ ለጁምዓ ሰዓት ሲጠይቅ፣ የሚደገፉት በዚህ ሕግ ላይ ነው።

እናንተ ብዙዎቹ ሥራ ቦታችሁ ላይ ይህን መብት ትጠይቃላችሁ። ማኅበራችን ደግሞ የራሱን አባላት ይከለክላል። አስቸጋሪ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሰንበታቸው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ፣ ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት የሚጀምር ዝግጅት ማንንም አያስቀርም፤ ለኦርቶዶክሱም ከቅዳሴ በፊት ወደ ቤት መግቢያ ሰዓት ይተርፈዋል። ሚያዝያ ላይ ቀኑ ስለሚረዝም ይህ አይሠራም፤ ምርጫው እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴም የእሑድ አምልኮም ካለቀ። ኳሱ ተለዋጭ ይሁን፤ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሑድ። ቡና ስናፈላም አጠገቡ ከርከዴ ይቀመጥ።

ሐሳቡን ለአመራሩ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልስ የሚሰጡት በሚቀጥለው ስብሰባ ነው ተብያለሁ፤ ስብሰባው ቅዳሜ ነው።